ቅርስ የለበትም የተባለው ኮረብታ

ስማዳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለርብቃ፣

ጤናሽን እጠይቃለሁ፤ አባት ነኝና መጠየቅ አለብኝ። እኔ በቸርነቱ አለሁ። ገብሱ ታጭዶ ውድማ ገብቷል። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልክ ስይዝ ቁጣዬ ከአፌ ስለሚቀድም ነው። በወረቀት ሲሆን ቃል እመርጣለሁ፤ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ሰው የሚመርጠውን ያህል።

የቅርስ ጥናታችሁ ውጤት ደርሶናል። ሻምበሉ ራሱ ከጦር ካምፑ ወርዶ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠብቆ አነበበልን። ኮረብታው አናት ላይ ጥበቃ የሚያሻው ቅርስ አልተገኘም ይላል። ስለዚህ የካምፑ አጥር ወደ ላይ ይሰፋል፤ አሮጌዋ ማርያም የነበረችበት ቦታ የተኩስ መለማመጃ ይሆናል። እዚያ ሙት ያለው ሰው እስከ ጥምቀት አጽሙን ያንሣ ተብሏል። የፈረሙት ሰዎች ስም ሲነበብ ያንቺም ተነበበ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እናትሽ እዚያ ናት። ረስተሽው እንደሆነ ብየ ነው የምጽፈው።

ስትመጡ የሆነውን አንቺ በበኩልሽ ታውቂዋለሽ። በእኔ በኩል እንዲህ ነበር። አጥኚዎች ሊመጡ ነው፣ ቦታው ጥንታዊ ከሆነ ወታደሩ አይነካውም ሲባል፣ ያኔ የሰበካው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩና ደቦ ጠራሁ። ጳጳስ ሲመጣ የምናደርገውን ነው ያደረግን። እንግዳ በፍርስራሽና በቁጥቋጦ ይቀበላል? ጫካውን መነጠርን። የወደቀውን ግንብ ድንጋዩን ለቃቅመን መልሰን ካብነው፤ ከወገዳ ሲሚንቶ አስመጥቼ አያያዝነው። መስቀል የተቀረጸበትን ድንጋይ ከተቀበረበት አውጥተን በሩ ላይ አቆምነው፤ ኖራም ቀባነው። የሸክላውን ስባሪ ሴቶቹ ጠራርገው ገደል ደፉት። ሲያልቅ እልል ተባለ። እኔም አሁን ተረፈች ብየ ተመለስኩ።

ከዚያ አንቺ ከመኪናው ወረድሽ። ቦታውን በገመድ ስታጥሩ ልቀበልሽ ብመጣ፣ «አባት፣ እባክዎ ከገመዱ ወዲያ ይሁኑ» አልሽኝ። መንገድ ላይ እንዳገኘሽው ሽማግሌ።

ንጉሴ የምትሉት ባልደረባሽ ግንቡን በጥፍሩ ፋቅ አደረገና፣ «ይሄ እኮ ገና አልደረቀም» ብሎ ሳቀ።

«ማነው የነካው?» አልሽ።

«እኛው ነን። አሳመርነዋ» አለሽ ጎረቤታችን ታፈረ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«መስቀሉ ያለበት ድንጋይ የት ነበር? በየትኛው በኩል? በምን ያህል ጥልቀት?»

«እዚያ ጋ... ወይም እዚህ ጋ። ምን ያደርግልሻል? አሁን በሩ ላይ ነው፣ ከሩቅ ይታያል።»

«ሸክላውስ?»

«ቆሻሻውን? ጣልነው፤ በዚያ አታስቢ።»

ፊትሽን በባርኔጣሽ ሸፈንሽ። በእኛ ያፈርሽ መሰለኝ። የዚያን ዕለት ካምፑ ውስጥ አደርሽ። ከካምፑ በር ቤቴ ይታያል። መዝጊያውን ሳልዘጋ መቆየቴን ከዚያ ሆኖ ማየት ይቻላል።

በማግስቱ መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት ያልሽኝን አልረሳሁም። «አባየ፣ ልጅህ መሆኔን ካወቁ ከጥናቱ ያስወጡኛል። ላድነው ብየ ነበር የመጣሁት። የጣላችሁትን እንዴት አገኘሁት ብየ ልጻፍ?»

ግን ላድን ብሎ የመጣ ሰው እጁን ለፊርማ አይዘረጋም። እውነቱን ነው የጻፍኩት ትይኛለሽ። እውነት ለእናትሽ መቃብር ምን ጠቀመ? ዳዊት ስደግም ይህንኑ እጠይቃለሁ። ክሱን በአንቺ ላይ እጀምረዋለሁ፤ ሁለት መዝሙር ሳልሄድ ዞሮ ሲሚንቶውን ማን አስመጣው ይለኛል። ያኔ መጽሐፉን አጥፌ ወደ ውድማው እወጣለሁ።

ሰዉ ክፉ ሆኗል። ታፈረ በገበያ መካከል፣ «ጓዴ፣ ልጅህን አስተምረህ አስተምረህ ለካምፑ ዳርካት አይደል?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያንን በኩራት የተነፋ ደረቱን አይቼ መንገዴን ቀጠልኩ። ባለፈው እሑድ ደግሞ በሰበካው ስብሰባ ተነሥቶ፣ የርብቃ እግር የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር እንዳይረግጥ፣ ለአጽሙም እንዳትመጣ ይወሰን አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ ተነሣሁ። «ደቦውን የጠራሁት እኔ፣ ሲሚንቶውን ያስመጣሁት እኔ። እግር የሚከለከል ከሆነ ከእኔ ጀምሩ» አልኩ። ማንም አልጀመረም። ታፈረ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አይሰጠኝም፤ ሰብሳቢነቱንም ትቻለሁ።

ለአንቺ ብየ እንዳይመስልሽ። እንደምታውቂው በእኛ ደብር አጽም ሲነሣ የራስ ቅሉን የሚይዝ የማኅፀን ልጅ ነው። ባል ከኋላ ይከተላል እንጂ አይነካም። እናትሽ ተሾመች ካንቺ ሌላ አልወለደችም። አንቺ ካልመጣሽ ባዳ ሰው ይይዛታል፤ ይህን ደግሞ እኔ ቆሜ አላይም።

በታኅሣሥ ማርያም እናነሣታለን። ሣጥኑን ከጽድ እያሠራሁ ነው፣ ትንሽ ነው። ለአዲሱ መቃብርም ቄሱ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ቦታ ሰጥተውኛል። መካነ ኢየሱስ ላይ አውቶቡስ ትቀይሪያለሽ። እኔ ወርጄ አልጠብቅሽም፤ የእህቴ ልጅ ተሻገር በቅሎ ይዞ ይጠብቅሻል። አልጋሽም ምንጣፍሽም የድሮ ክፍልሽ ውስጥ አለ፤ እኔ ዘንድ ማደር አለማደሩ እንደፈለግሽ።

ደብዳቤ ሲያልቅ አባት ይመርቃል። ሞከርኩ፤ አፌ ገና አልተፈታም። እስከዚያው ምርቃቱን እናትሽ ካለችበት ትላክልሽ። የእኔን መጥተሽ ውሰጂ።

አባትሽ ጓዴ