የአምስት ሰዓት ተኩሉ መንገድ

ለውድ ወንድሜ ከማለዲን፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ፈርዶሳስ፣ ልጆቹስ? ጆሃንስበርግ እንዴት ይዛችኋለች? ሮቤ ብርዱ ገብቷል፤ የገብሱ አጨዳም ተጀምሯል። "ሁላችንም ደህና ነን" ብዬ ግን አልጽፍልህም።

አባባ ታመዋል። ሕመማቸው ልባቸው ላይ ነው። የጎባ ሐኪሞች ለሰኞ ኅዳር 22 አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ቀጠሮ አሲዘውላቸዋል። "ለከማለዲን እንዳትነግሪው፤ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል" ብለው አስምለውኝ ነበር። መሐላውን ለማፍረሴ ማካካሻ አሥር ድሆች አበላለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ ነው። ደግሞም ድምፄን እንደማታምነው አውቃለሁ።

እውነትህን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት እማዬ ወደ አኼራ የሄደች ቀን ደውለህ "እስቲ አገናኚኝ" ስትለኝ "ተኝታለች" ያልኩህ እኔ ነኝ። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። የዚያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ "ከጆሃንስበርግ አዲስ አበባ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ተኩል። ከአዲስ አበባ ሮቤ አራት መቶ ሠላሳ፣ በመኪና አንድ ሙሉ ቀን። ቀብሩ ዛሬውኑ ነው። አይደርስም።" በሃያ አንደኛው ቀን ሽማግሌዎች በማለዳ ሱቅህ ድረስ መጥተው አረዱህ። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ መዋሸቴ ግን ልክ አልነበረም።

አሁን ፈርቻለሁ፣ ወንድምዓለም። ከጊኒር ነጋዴዎች ጋር ስከራከር የማልደነግጠው እኔ፣ የሕክምናውን ወረቀት ስፈርም የራሴን ስም ተሳስቼ ጻፍኩ። ጠዋት ሳላቸውን ካልሰማሁ የክፍላቸውን በር መክፈት ያስፈራኛል። ትናንት ጎረቤታችን ሲምቦ ከሱቄ አንድ ኪሎ የሃረና ቡና ብትጠይቀኝ ሁለት መዝኜላት ኖሯል። "ዙህራ፣ ዛሬስ ጀነት ልትገቢ ነው!" ብላ ሳቀችብኝ።

ዛሬ አባባ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ "ከማለዲን ያለበት አገር በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "አምስት ሰዓት ተኩል? እኔ ጊኒር ገበያ ደርሼ ስመለስ ከዚያ በላይ ይፈጅብኝ አልነበር? ታዲያ ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው ሰባት ዓመት የፈጀበት?" ብለው ሳቁ። ሳቁ ትንፋሽ አሳጠራቸውና ደረታቸውን ያዙ። እኔም እቃ የማመጣ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

እንግዲህ ስማኝ። ሐሙስ ኅዳር 18 ይዣቸው አዲስ አበባ እገባለሁ። ያኔ እንዳትደርስ ያደረገህን የመኪናውን መንገድ ዘንድሮ በሕመማቸው ላይ አባባ ራሳቸው ይጓዙልሃል። ላንተ የቀረህ አምስት ሰዓት ተኩሉ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹን አትጠብቅ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጨርቅ ነጋዴው አብዶ ነው፤ ከነገ ወዲያ ይበራል። ለፈርዶሳ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ አንተ እስክትመለስ ሱቁን እሷ ትያዝልህ። ቢሊሱማን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። በዓይኔ ላላየሁት ለትንሹ ዲኖም አክስቱ ናፍቃሃለች በለው። ባለቤቴ ጀሊል ሰላም ብሎሃል። አባባ ሰላምታ አላኩም፤ መጻፌን አያውቁም።

እህትህ ዙህራ
ሮቤ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.