የክፍሉን አማካይ ያበላሸችው እናት

ይድረስ ለተከበሩ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰቡስ? እኛ ደህና ነን። እርስዎ እኔን በግራፍ ሥለው በክፍልዎ ግድግዳ ላይ ስለለጠፉኝ፣ እኔም በትሕትና ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ በር ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ልጆቹ አማካይንና የመረጃ ዓይነቶችን እንዲማሩ ብለው «እናታችሁ በሳምንት ስንት ጊዜ ትጮኻለች?» የሚል የቤት ሥራ መስጠትዎን የሰማሁት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ እርሳስ ይዛ ስትከተለኝ፣ እኔ ሞኟ «ጥናት ወደደችልኝ» እያልኩ ለጎረቤት ሳወራ ከረምኩ። ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የሌሎቹ እናቶች ጩኸት ከሦስት እስከ ስምንት ሲሆን የእኔ ሰባ አንድ ነው። አልክድም። ሐሙስ ዕለት ግን ድምፄ ተዘግቶ ስለነበር ቁጥሩ አንሷልና ይታረምልኝ።

2ኛ. ጩኸቴ በቁጥር፣ የጮኽኩበት ምክንያት ደግሞ በዓይነት የሚገለጽ መረጃ ነው አሉ። ምክንያቶቼም ጫማ፣ ስልክ፣ ያልጠፋ መብራት ተብለው ተመድበዋል። ከሁሉ በላይ የተደጋገመው፣ ሞድ የምትሉት፣ «እንዲሁ» የሚለው ነው። እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን ምክንያት ያለኝ ይመስለኝ ነበር!

3ኛ. የእኔ ቁጥር አማካዩን ሽቅብ ስለጎተተው፣ እናቶችን በተርታ አሰልፎ መሃል የቆመችውን መውሰድ እንደሚሻል ማስተማርዎ መልካም ነው። ከዚያ ግን ሰባ አንድን በቀይ ሰርዘው «አሁን አማካዩ አማረ» አሉ፤ ክፍሉም አጨበጨበ።

ያን ዕለት ልጄ ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ ዓርብ ለወላጆች ቀን በአንቺ ፋንታ አባዬ ቢመጣስ?» አለችኝ። አባቷ ድምፁ አይሰማም፤ የሚያናድደውን በጆሮዬ ሹክ ይለኛል፣ የማሰማው እኔ ነኝ። አልጮኽኩባትም። ማድቤት ገብቼ የታጠበ ድስት መልሼ አጠብኩ።

ስለዚህ መምህር ሆይ፣ እስከ ዓርብ ያንን ሰባ አንድ መልሰው ይጻፉልኝ፤ አማካዩ እንደፈለገ ይበላሽ። እኔው እመጣለሁ። ከልጄ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ትንፍሽም አልልም።

ዕድሜዎን እንደ ጠመኔ ሳይሆን እንደ ጠመኔ ብናኝ የማያልቅ ያድርግልዎ።

ከማይለካ አክብሮት ጋር፣
በግራፍዎ ላይ ጣሪያ የነካችው እናት

ማስታወሻ፦ የማድቤቴ መስኮት ከክፍልዎ ጀርባ ነው። ከሰኞ ጀምሮ «ፀጥታ!» ሲሉ እየሰማሁ መረጃ እየሰበሰብኩ ነው፤ ገና በረቡዕ ስልሳ አልፈዋል። ወደ እኔ ረድፍ እንኳን ደህና መጡ፤ ሁለት ከሆንን መሰረዝ ይከብዳል።