ከባንክ ነው የምደውለው

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈንታነሽ ይርጋ
ኩዌት

ልጄ ሆይ፣ ባለሽበት የመድኃኔዓለም ጥላ አይለይሽ። እኛ በሕይወት አለን። እናትሽ ግን ከሰኞ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም፤ ሕመሟ የሥጋ አይደለም። ስልክ እያለ ወረቀት መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስልካችንን የሚያበጅልን እጮኛሽ ደረጄ ነው። ይህን ግን አንቺ ብቻ እንድታነቢው ስለፈለግሁ፣ ወደዚያ በምትመለሰው በዝናሽ እጅ ልኬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ረፋድ ላይ እናትሽ ምስር ስትለቅም ስልኳ ጮኸ። አንድ የማናውቀው ድምፅ "ከባንክ ነው የምደውለው" አለ። "እማማ ለተሥላሴ፣ ልጅዎ የላከችው ብር ተይዟል። አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ቢያነቡልኝ እለቅልዎታለሁ።"

እኔ "ዝጊው፣ ሌባ ነው" አልኳት። እሷም ፈራ ተባ እያለች "ልጄን በምን ታውቃታለህ?" አለችው።

"ድምቡሼን? ደውልላቸው ያለችኝ እሷ ራሷ ናት።"

በዚህ ስም የምንጠራሽ በቤታችን ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰው ፊት ካነሣነው ታኮርፊ ነበር። የእናትሽ ፊት በራ። እኔም፣ አልዋሽሽም፣ አመንኩት። ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችለት።

ብዙም ሳይቆይ "ከሂሳብዎ ወጪ ተደርጓል" የሚል መልእክት ገባ። መልሰን ብንደውል የሰውዬው ስልክ ዝግ ነው። ስልኩን ከእጇ ነጥቄ ጋቢዬን እንኳ ሳልደርብ ወደ ባንኩ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ሌላ መልእክት ገባ። ስደርስ ሰልፉ እስከ በር ነው። ጥበቃው "አባባ፣ ተራዎን ይጠብቁ" ቢለኝ "ቤቴ እየተቃጠለ ምን ተራ እጠብቃለሁ!" ብዬ ጮህኩበት። ፍቅርአዲስ የምትባል የባንኩ ሠራተኛ ጩኸቴን ሰምታ መጣች፤ ስልኩን አየችና ሌላ ሳትጠይቅ ሂሳቡን አገደችው። "እንደገና ሊያወጡ ሲሞክሩ ነው የደረስነው" አለችኝ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የላብሽ ገሚሱ ሄዷል፣ ገሚሱ ተርፏል።

ለማንም አልተናገርንም። እናትሽ ከሐፍረቷ የተነሣ ለጎረቤት እንኳ እንዳልተነፍስ አስምላኛለች። በዚያው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረጄ መጣ።

"አባባ፣ የብሩን ነገር ሰምቼ ደነገጥኩ" አለኝ። "ፖሊስ ጋ ሄደው አይንገላቱ። እነዚህ ሰዎች አይያዙም። እኔ በጓደኞቼ በኩል አፈላልጋለሁ።"

እናትሽ "አንተን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን" ብላ አለቀሰች። እኔ "ማን ነገረህ?" አላልኩትም። እራቱን በላ፤ እስከ በር ሸኘሁት።

በነጋታው ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው አዳነ ይባላል። "ይህን የቤት ስም ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል?" አለኝ። ለማን እንደነገርሽ የምታውቂው አንቺ ነሽና አላውቅም አልኩት። ማን ቤቴ መጥቶ ምን እንዳለኝ ግን አልደበቅሁም። ሐሙስ ዕለት ደረጄን ለጥያቄ ቢፈልጉት የስልክ ጥገና ሱቁ ተቆልፏል። እናትሽ "ሌቦቹን ሊያፈላልግልን ባሕር ዳር ወርዶ ነው" ትላለች። አላረምኳትም።

ልጄ፣ በሰው ላይ መፍረድ የዳኛ ነው። እኔ ግን አባት ነኝ። ለቤት መሥሪያው ቦታ ብለሽ ልትልኪለት ያሰብሽውን ውክልና አትላኪ። ብርም አትላኪ፤ ለእኛም ቢሆን ለጊዜው ይቅር። የስልክሽን የምስጢር ቁጥር ዛሬውኑ ቀይሪው። ቢደውልልሽ፣ ቢያለቅስልሽም፣ አዳምጪው እንጂ ምንም አትንገሪው። አንቺ ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ፤ አምኖ ልብን መስጠት ነውር አይደለም። መመለስ ብትፈልጊም እኛ ከጉና ገብስና ድንች አናጣም፤ ቤትሽ ቤትሽ ነው።

አሁን ይህን ስጽፍ እናትሽ ከአልጋዋ ሆና "ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን፣ ደረጄም ወግ ማዕረግ ማየት ያምረዋል፣ አታስጠብቂው ብለህ ጻፍላት" ትለኛለች።

ጽፌዋለሁ አልኳት።

እመቤቴ ከክፉ ዓይንና ከጣፋጭ አፍ ትሰውርሽ።

አባትሽ
ይርጋ አባተ