ባለመነጽሩን ፈልግልኝ ላልሽኝ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም፤ ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? አባባስ ዓይኑ እንዴት ሆነ፣ አሁንም ሰዓቱን በጆሮው እየሰማ ያስተካክላል? እማማ ጥርሷን አስነቀለች ወይስ ሐኪሙን እንደፈራች ቀረች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ጤናዬን ማለቴ ነው፤ ሌላውን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ። በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር፤ ግን ድምፅሽን ስሰማ እንደምዋሽሽ ስለማውቅ በወረቀት አደረግሁት።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሱቁ ከፊት መስታወትና መብራት አለው፣ ባለሱቁም ከረባቱን አስሮ ይቆምበታል። እኔ ከኋላ፣ ከሣንቃው ግድግዳ ጀርባ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ባንኮኒው ላይ ነበርኩ፤ ሰው ሰዓቱን ሊሰጠኝ እጁን ዘርግቶ ንግግሬን ሲሰማ መልሶ ይሰበስበዋል። ከየት ነህ ይለኛል፣ ከዚያ የሚከፍተው እሱ ነው ወይ በሚል ዓይን ባለሱቁን ያያል። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ገበያው እንዳይሸሽ ብሎ ወደ ኋላ ወሰደኝ። አሁን ደንበኞቹ ከጀርባ አንድ ትልቅ ባለሙያ አለ ይባላሉ። ትልቁ ባለሙያም ድምፁ እንዳይሰማ የሚስለው ቀስ ብሎ ነው።

የሰዓት ሠሪዎቹን ግሩፕ በኢንተርኔት ያገኘሁት ያኔ ነው። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ናቸው ይባል እንጂ አብዛኞቹ የአንድ አገር ሰዎች ናቸው፣ የሚጻፈውም በእነሱ ቋንቋ ነው። እኔ ቋንቋውን ከድሮ የሰዓት መጻሕፍት ስለለቀምኩት እንደ አገራቸው ሽማግሌ ነው የምጽፈው። ስሜን ባለመነጽሩ አልኩ፣ በፊቴ ቦታ የማጉያ መነጽሬን ፎቶ አደረግሁ። ከዚያ አባባ ያስተማረንን የብሎን አደራደር ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩላቸው፤ በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ላይ፣ ከአሥራ ሁለት ቁጥር በኩል የወጣውን አሥራ ሁለት ላይ፣ ከሦስት በኩል የወጣውን ሦስት ላይ። የባቡር ጣቢያ ሰዓት ሲጠግን የኖረ አንድ ጡረተኛ፣ ይህማ የእኛ አገር የአያቶች ሥራ ነው፣ እንኳን ደህና መጣህ የአገሬ ልጅ ብሎ ጻፈልኝ። እኔም አመሰግናለሁ አልኩት እንጂ አላረምኩትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከየት ነህ ያላለኝ የመጀመሪያው ሰው ነበራ።

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። ዛሬ የግሩፑ አድሚኖች እኔና ጡረተኛው ነን። ለእናንተ ያልነገርኳችሁ አፍሬ ነው፤ እነሱ ስለ እኛ አገር ሰው ሲቀልዱ አብሬ የሳቅሁበት ቀን አለ።

ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ሰዓት ሠሪ ገባች። የአገሯን ስም አፏን ሞልታ ጻፈች። ሰባ ዓመት ያለፈውን የግድግዳ ሰዓት ከፍታ፣ የተሰበረችውን ዘንግ ከስፌት መርፌ ሠርታ፣ ብሎኖቹን በጫማ ቀለም ክዳን ላይ ደርድራ ፎቶውን ለጠፈች። እኔ ግን ሰዓቱን መች አየሁት። ጠርዙ የተቃጠለውን የአባባን ጠረጴዛ አየሁ፣ ወረንጦ የወጋውን አውራ ጣትሽን አየሁ። ወዲያው ኮሜንቱ ወረደ። ከዚያ አገር እንዲህ ያለ እጅ አይወጣም አሉ፤ ፎቶው የሌላ ሰው ነው፣ አደራደሩም ከባለመነጽሩ የተሰረቀ ነው አሉ። ጡረተኛው በደግነቱ፣ የተሰረቅኸው አንተ ስለሆንክ አንተው አስወጣት ብሎ ተወልኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ አስወጣሁሽ። ሌላ ሰው አይደለም እታለም፣ እኔ ነኝ። አንዱ አባታችን ለሁለታችን ያስተማረንን አንቺ ከእኔ እንደሰረቅሽ አደረግሁ።

ከዚያ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሌባ ከመባልሽ ይልቅ የከነከነሽ የአባባ ጥያቄ ነው፤ ነገሩን ስትነግሪው አልተቆጣም፣ ያ ሰው ከማን እንደተማረ ጠይቁልኝ ብቻ አለ ብለሽ ጽፈሻል። አንተ ውጭ አገር ስላለህ ባለመነጽሩ የሚሉትን ሰው ፈልግልኝ ትይኛለሽ፣ ውጭ አገር አንድ ሰፈር ይመስል። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ደብዳቤሽን አጥፌ ከመሣሪያዬ ሣጥን ሥር አስቀመጥኩት።

ለግሩፑ የላክሽውንም አቤቱታ አንብቤዋለሁ። አልተሳደብሽም፣ አልለመንሽም። ባለመነጽሩ ራሱ ይፍረድ፣ እሱ ሰረቀችኝ ካለ እቀበላለሁ ብለሻል። ጡረተኛው እስከ ዓርብ መልስ ስጥ ብሎኛል። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። አልሰረቀችም ብል በምን አወቅህ ይሉኛል፤ ያን ለመመለስ የማን ልጅ እንደሆንኩ መናገር አለብኝ። ከተናገርኩ ደግሞ የስድስት ዓመት ውሸታም ነኝ፣ ስለ አገራችን ሰው ያሉት ሁሉ በእኔ እውነት ይሆንላቸዋል፣ ጦሱም ለአንቺ ይተርፋል። ዝም ካልኩ አንቺ ሌባ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። በየትም በኩል ብዞር መውጫው ጠፋኝ። ቀን ባለሱቁ ከሣንቃ ጀርባ ያስቀምጠኛል እያልኩ አማርራለሁ፤ የባሰውን ሣንቃ ግን በገዛ እጄ ነው የመታሁት።

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ዓርብ አልፏል። ወደ ግሩፑ ተመልሰሽ ከሆነ የመለስኩሽ እኔ ነኝ፤ ካልተመለስሽም ያስቀረሁሽ እኔው ነኝ።

ለባልሽ ለሾፌሩ ሰላም በዪልኝ፣ በእርጥብ መንገድ አይፍጠን። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን አትፍራ። የትንሹን የቡጭቄን ጉንጭ እስኪያለቅስ ሳሚልኝ። እማማን ስለ ጥርሷ እንደተቆጣሁ ንገሪያት። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ያ ሰው ከማን ተማረ እያለ መጠየቁን ካልተወ፣ ከአባቱ ነው በዪው። ከዚያ በላይ አትንገሪው።

ወንድምሽ
ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍል
ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን