ጉዳዩ፦ የምራቴ ሐዘን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3
ዛሬም ደመና። ቁርሴን በልቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩና እንዲያው ፈዝዤ ዋልኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መፍዘዝ ሥራዬ ሆኗል። ማዶ ካለው ፎቅ ላይ የተሰጣ አንሶላ ነፋስ ሲገባበት ሲያብጥ፣ ሲወጣለት ሲሟሽሽ... ሳየው ቆየሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ልጄ ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «አባዬ፣ ለእረፍት ብቻዬን ነው የምመጣው።» ሚስትህስ? «እሷ... ይቅርባት።» ይቅርባት ማለት ምን ማለት ነው? እናቷ በቅርቡ ነው የሞቱባት፤ ሐዘኑ ከብዷት ይሆናል አልኩት። «እደውልልሃለሁ» ብሎ ዘጋው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5
ደብዳቤዬ ነው ለካ!

ልጄን አፋጥጬ አወጣጣሁት። ምራቴ የእኛን ቋንቋ አታውቅ፣ እኔ የአገሯን አላውቅ። የሚያገናኘን እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ እሱንም ገና እየተማረችው ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የመድን ድርጅት የውጭ ደብዳቤ ጸሐፊ የነበርኩ ሰው... የእኔን እንግሊዝኛ ማን ይችለዋል! ሐዘኗን ስሰማ አሳምሬ ጻፍኩላት።

በቀብሩ ማግስት መዝገበ ቃላት ይዛ ተቀመጠች አለኝ። ቃል በቃል እየፈለገች። ጨርሳ ስታየው... «አባዬ፣ ስለ እናቷ ምንም የለበትም። ካሳ ጠይቃ መልስ የመጣላት ነው የመሰላት።» አልቅሳ ከዚያ በኋላ ስሜን አላነሣችም።

ምነው እጄን በቆረጠው!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7
ቅጂውን አወጣሁ። ቅጂ ሳላስቀር ደብዳቤ ልኬ አላውቅማ። አናቱ ላይ «ጉዳዩ፦ የእናትሽን ኅልፈት ይመለከታል» ይላል። የደብዳቤ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ። የደብዳቤ ቁጥር! ከዚያ ይቀጥላል... «ከላይ በርዕሱ የተጠቀሰው ኅልፈት የደረሰን መሆኑን እያረጋገጥን፣ የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን በአክብሮት እንገልጻለን።»

ማነው «እኛ»? ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 9
እህቴ ጋ ሄድኩ። ታናሼ ናት፤ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ደብዳቤውን አንብባ በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ ደግሞ ዓይኗን ጠረገች።

«ጋሼ፣ ይህንን ነው ለሐዘንተኛ የላክኸው? አንተ ጉደኛ!»
«የድሮው እንግሊዝኛ ነው። ክብር አለው» አልኩ።
«ክብሩን ተወው። አሁን ሰው እንዲህ አይጽፍም። ማን ሞተ? እሱን በል። ማን አዘነ? እሱን በል።»

ቀይ እስክርቢቶዋን አንሥታ ገጹን ሙልጭ አደረገችው። የተረፈው «እናትሽ» የሚለው ብቻ ነው። አጭር ጻፍ አለችኝ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ብቻ። ረጅሙን ቃል ትተህ ሕፃን የሚያውቀውን ውሰድ። ጮክ ብለህ አንብበው፣ ለአፍህ ከከበደህ ለእሷም ይከብዳታል...

ይኼማ ቀላል ነው ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11
ቀላል አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14
ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ሸለብ አደረገኝ። የድሮው ቢሮ ነኝ። ጠረጴዛው ሁሉ ባዶ፣ ወለሉ ላይ ስስ ውሃ ተኝቷል፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ረጃጅሞቹ ቃላት ከጽሕፈት መኪናዬ እየተነሡ፣ ኮፍያቸውን ከፍ እያደረጉ፣ አንድ በአንድ በበሩ ወጡ። አቤት ትሕትናቸው! ቆዩ እንጂ፣ የት ትሄዳላችሁ? አልኳቸው። አንዱም አልዞረም። ትንንሾቹ ቀሩ። እናት። ቤት። ነይ... ባነንኩ። ፀሐይ ወጥታ ኖሯል፣ ጉልበቴ ላይ።

ለምንድነው ግን ረጃጅሞቹን እንዲህ የምወዳቸው? እፈራለሁ መሰለኝ። ባለቤቴ ስትሞት ልጄ ሩቅ ነበር። በስልክ «እናትህ ከዚህ ዓለም ድካም አርፋለች» አልኩት። ልክ በሬዲዮ እንደሚነገረው። ሌላ ምንም አላልኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ሞተችብኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17
እህቴ ደወለች። «ጻፍክ?» እየጻፍኩ ነው። «ለአንዲት ገጽ? ምጥ ሆነብህ እንዴ?» ምጥ ነው እንጂ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 19
ላክሁት። ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ነው... «ልጄ፣ እናትሽ ሞቱ። በጣም አዝኛለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ መጥፎ ነበር። ይቅርታ። የእኔም ሚስት ሞታለች። ጫማዋ አሁንም በሩ ሥር ነው። ምን እንደማደርገው አላውቅም። እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ንገሪኝ።»

ቁጥር የለው፣ ጉዳዩ የለው። ራቁቴን አደባባይ የወጣሁ ያህል አፈርኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 22
ምንም። ዝናብ ብቻ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 25
ልጄ ደውሎ ስለ አየሩ አወራን። ደርሷት ይሆን? ልጠይቀው አፌ ላይ መጥቶ... ዋጥኩት። ባትመልስልኝስ? ባትመልስ እውነት አላት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 3
መለሰች! ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ መነጽሬን እንኳ ሳላስተካክል።

«እናቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። እኔ ያንን ሳቅ እወደው ነበር። ሚስትህስ እንዴት ትስቅ ነበር? ደብዳቤህን ያለ መዝገበ ቃላት አነበብኩት።»

ያኔውኑ ቁጭ ብዬ መለስኩላት። ጮክ ብላ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ አልኳት። ስጽፈው እኔም ሳቅሁ፣ ብቻዬን። ከዚያ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 19
ሁለቱም መጡ። «አባዬ» ብላ ገባች፤ ከእኛ ቋንቋ የምታውቀው ቃል ያው ነው። አቅፋኝ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት እሷ ድንች ስትልጥ እኔ ሳጥብ... ሚስትህ እንዴት ሞተች? አለችኝ። ሳትሸፋፍን። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። በትንንሾቹ ቃላት ነገርኳት። ታመመች። መሽቶበት ደጅ እንደ ቀረ ልጅ ፈራች። እጇን ያዝኩ። ውሃ ጠየቀችኝ። ውሃውን ይዤ ስመለስ ሞታለች። ምራቴ ቢላዋውን አስቀምጣ እርጥብ እጄን ያዘችው።

ዞር ስል ልጄ በሩ ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እንጃ። ፊቱ ልክ በልጅነቱ ሊያለቅስ ሲል እንደሚሆነው ሆኗል።

«አባዬ» አለኝ፣ «በእኛ ቋንቋ ንገረኝ።»

ነገርኩት።