ለሥርጉት ብስክሌት ሽቦዎች፣ ታይተውም ተሰውረውም ላጠፉት ጥፋት

ለተከበሩ አቶ ጥዑመ ልሳን ገድሉ
የጣና ዳር የክሮኖ ውድድር የቴክኒክ ምርመራ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የኮሚቴዎ አባላትም እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠና፣ ወንበርዎም ከነፋስ የተጠበቀ እንዲሆን ምኞቴ ነው። እኔ ነስረዲን ኢድሪስ እባላለሁ፤ ከሐይቁ ዳር፣ ከዓሣ ማራገፊያው ጀርባ፣ በአንዲት ቆርቆሮ ክፍል ብስክሌት እየጠገንሁ የምኖር ሰው ነኝ። እህል በቅጡ ከቀመስሁ ዘጠነኛ ቀኔ ስለሆነ፣ ክብርዎን የሚነካ ቃል ቢያመልጠኝ ከድካሜ እንጂ ከድፍረቴ እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በግል መጻፍ ሲገባኝ በአደባባይ የጻፍሁትም፣ በግል የጻፍኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ቢሮዎ ገብተው እስካሁን ስላልወጡ ነው። ምናልባት በዚያ ተመችቷቸው ይሆናል።

ነገሩን ያልሰሙ አንባቢዎች እንዲረዱት ከሥሩ ልጀምር። ሥርጉት ፍሬ ስብሐት የዱርቤቴ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ድጓ ያስተምራሉ። ልጃቸው በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ባሕር ዳር መጥታ ክለባችን ገባች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝናብም ጭቃም ሳይበግራት ጎሕ ሲቀድ አስፋልት ላይ ናት። ክሮኖ ማለት ተወዳዳሪው ብቻውን ተነሥቶ ከሰዓት ጋር የሚታገልበት ሽቅድምድም ነው። ክርኑን መሪው ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ነፋስ እንዳይዘው ጎንብሶ ነው የሚጋልበው። መሪጌታ አንድ ቀን ሊያዩዋት መጥተው «ነስረዲን፣ ይኸ ስፖርት ነው ወይስ ስግደት?» ብለው ጠይቀውኛል። «ሁለቱም ነው አባቴ» አልኋቸው። ሳቁና መረቋት።

ሥርጉት ዘንድሮ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በዕድሜ ክልሏ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። በማጣሪያው አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ሴቶች ለአህጉሩ ውድድር ይሄዳሉ፤ ሦስተኛዋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ብስክሌቷ ከውድድር የተሰናበተ አንድ የባዕድ አገር ሰው ለክለባችን የላከው ነው። ማርሹ የሚቀየረው በኤሌክትሪክ ነው፤ መሪው ጫፍ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት፣ መልእክቱ በቀጭን ሽቦ ሄዶ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ሞተር ያዛታል፣ እሷም ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ ታሻግራለች። ሽቦዎቹ ግን ሳይገጠሙ ተጠቅልለው በካርቶን ነበር የመጡት። እኔም ከውጭ በኩል በጥቁር ፕላስተር አጣብቄ ሠራሁላት። ለዓይን አያምርም ነበር፤ ግን አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈረንም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ መመሪያዎ አመሰግናለሁ። ውድድሩ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው «ከብስክሌቱ አካል ውጭ የሚታይ ማናቸውም ሽቦ ተወዳዳሪውን ያሳግዳል» የሚል ወረቀት በሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጊዜው እንደማይበቃ ባስረዳዎት፣ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «ሽቦ ማየት አልፈልግም፤ እንዴት እንደምታስገባው የአንተ ፈንታ ነው» ብለው በአጭሩ አሰናበቱኝ። በዚህ አጭር መልስ ስንት ቀን ሥራ እንዳተረፉልኝ ላስረዳዎት።

የብስክሌቱ አጥንት ባዶ ቧንቧ ነው። ሽቦው በመሪው ጫፍ ገብቶ፣ አንገቱ ላይ ታጥፎ፣ በታችኛው ቧንቧ ወርዶ፣ ፔዳሉ የሚታሰርበትን እምብርት ዞሮ፣ ትንሽ ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ከኋላ ጎማው ዘንድ መውጣት አለበት። ሲገፉት ይተኛል፤ ሲጎትቱት የሚይዙት ጫፍ የለውም። ጠንካራ ሽቦ መንገድ ይምራው ብዬ ብሰድድ፣ እምብርቱ ጋ ሲደርስ ወደ ኮርቻው ይወጣል። በማግኔት ሳብሁ፤ ማግኔቱ የቧንቧውን መታጠፊያ አላልፍ አለ። ከአንድ ሆቴል የአቧራ መሳቢያ ማሽን ተውሼ ክር ላስመጥጥ ብል፣ ገና ክሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር መብራት ሄደ፤ በማግሥቱም አልመጣ። በአራተኛው ቀን መፍቻዬን ወርውሬ ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ።

እኅቴ ሐፍሳ መረብ ጠጋኝ ናት፤ ከክፍሌ ፊት ለፊት ዋርካው ሥር ትሠራለች።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የተከዝኸው?» አለችኝ።

«ክር ማስገባት አቃተኝ።»

«ክር ማስገባት!» አለችና መረቧን አስቀምጣ መጣች። ብስክሌቱን ወዲያ ወዲህ አገላብጣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። ከመረቧ ጠርዝ መረቡን ውኃ ውስጥ የምታሰጥም፣ የምስር ፍሬ የምታክል የእርሳስ ማጥለቂያ ፈትታ፣ በቀጭን የናይለን ክር አሰረቻት፣ በአንገቱ በኩልም ለቀቀቻት። እኔ ብስክሌቱን በሁለት እጄ አንሥቼ ያዝሁ፤ እሷ ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ለጠፈች።

«ወደ ግራ አዘንብለው። ቀስ! እየወረደች ነው። ቁም፤ መገንጠያው ላይ ናት። አሁን አራግፈው!»

ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ስንል ዋልን። ሃያ ጊዜ የተሳሳተ መንገድ ገባች፤ ሃያ ጊዜ መለስናት። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እርሳሷ ከኋላ ቀዳዳ ብቅ ብላ ስትንጠለጠል ሐፍሳ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ዓሣ የሚያራግፉት ሰዎች ሠርግ መስሏቸው መጡ። ሽቦውን ከክሩ ጋር አስረን፣ ሳሙና ቀብተን፣ እንዳይንኳኳ ስፖንጅ አልብሰን ሳብነው። ሥርጉት ከልምምድ ስትመለስ ቁልፉን ተጫነች። ሞተሯ «ዝዝ» አለች፤ ካቴናው ተሻገረ። ሥርጉት የሐፍሳን እጅ ይዛ ሳመች። «ጋሼ፣ ሰሙት? እንደ ንብ ነው ያለው» አለችኝ እየሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራው አመሰግናለሁ። እሑድ ጠዋት፣ ለሥርጉት መነሻ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀር፣ የኮሚቴዎ መርማሪ አቶ ወልደ ጻድቅ ብስክሌቱን ሁለት ጊዜ ዞረው አዩት።

«ሽቦው የታለ?» አሉኝ።

«ውስጥ ነው ጌታዬ፤ መመሪያው እንደሚለው።»

«ቅጹ ላይ ‹ሽቦውን በዓይኔ አይቻለሁ› የሚል አለ። ሳላይ አልፈርምም። ድብቅ ሞተር ብትከቱበትስ በምን አውቃለሁ?»

«ሽቦው በውጭ ታይቶ ቢሆን ኖሮስ?»

«ያን ጊዜማ ትታገድ ነበር» አሉ፤ እንዲህ ያለ ተራ ነገር መጠየቄ እያስገረማቸው።

በኮርቻው ቀዳዳ በስልክ መብራት ይመልከቱ ብዬ ለመንሁ። ብስክሌቱን አንሥተው ክብደቱን ይገምቱ፣ ጎማውን በእጅዎ ያሽከርክሩት አልሁ። አቶ ወልደ ጻድቅ ለእርስዎ ደወሉ። ድምፅዎን ከስልኩ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ጥርት ያለ፣ የማያመነታ የአለቃ ድምፅ ነበር፦ «ክፈቱት።»

መካኒክ የምርመራውን ገመድ ማለፍ ስለማይፈቀድለት፣ የመሪውን አንገት አቶ ወልደ ጻድቅ ራሳቸው ፈቱት። ሽቦውን አዩት፤ ሽቦ ሆኖ አገኙት፤ ፈረሙ። መልሰው ሲያጠብቁት ግን ሽቦው በአንገቱና በኩሽኔታው መካከል እንደ ገባ ከቆምሁበት ታየኝ። «ሽቦው ተቆነጠጠ! እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላላ አድርጉት!» ብዬ ጮኽሁ። ጥበቃው ደረቴን በመዳፉ ገፍቶ መለሰኝ። ሥርጉት ወደ እኔ አየች፤ ወዲያው ወደ ሰዓቱ አየች። አርባ ሰከንድ ቀርቷት ነበር። ወደ መነሻው ወጣች፤ ተነሣች።

ሽቦው ከመጀመሪያው አደባባይ አላለፈም። መሪው ሲታጠፍ ተበጠሰ። ማርሹም ለመነሻ እንዲቀልላት ባስቀመጥሁበት ቀላል ማርሽ ላይ ደርቆ ቀረ። ክቡር ሆይ፣ የዱርቤቴን መንገድ ያውቁታል፤ ሜዳ ነው። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ከጀርባዋ ይገፋት ነበር፤ አምስት ዓመት ብትጸልይ የማታገኘው ነፋስ ነው። በከባድ ማርሽ ብትሆን ትበርርበት ነበር። በቀላሉ ማርሽ ግን እግሯ ይሽከረከራል እንጂ ብስክሌቱ አይፈጥንም። እኔ ከኋላዋ በክለቡ ባጃጅ ሆኜ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ እግሯን ብቻ አየሁ። ጭኗ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፤ አውራ ጣቷ ቁልፉን ሲጫን፣ ሲጫን፣ ሲጫን ይታየኛል። ቁሚ ልላት ፈለግሁ፤ ሌላ ብስክሌት አልነበረኝም። አይዞሽ ልላት ፈለግሁ፤ ከባጃጁ ጩኸት በላይ አይሰማትም። የባጃጁ ሾፌር «ጋሼ፣ ፊትዎን ይጥረጉ» ሲለኝ ነው ማልቀሴን ያወቅሁት።

ሦስተኛ ወጣች። ከሁለተኛዋ የለያት ስድስት ሰከንድ ነው።

አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ፣ የራስ ቁሯን ሳታወልቅ፣ «ተጫንሁት ጋሼ፤ መቶ ጊዜ ተጫንሁት» አለችኝ። እንዳልሰነፈች ለእኔ ታስረዳኝ ነበር። ለእኔ!

ሦስተኛ፣ ስለ ውሳኔዎ አመሰግናለሁ። በማግሥቱ በእጄ የደረሰኝ ደብዳቤ «ሽቦውን ባልተገባ አኳኋን በመሰወርዎ» ለአንድ ዓመት ከማናቸውም የውድድር ሥፍራ ያግደኛል። ሽቦው ቢታይ ሥርጉት እንደምትታገድ ነግረውኝ ነበር፤ ባይታይ ደግሞ እኔ እንደምታገድ ያወቅሁት ከዚህ ደብዳቤ ነው። ሁለቱንም በር ዘግተው የት እንደምቆም እንዳልቸገር ስላደረጉኝ ውለታዎን አልረሳም። ስለ ተበጠሰው ሽቦ በደብዳቤው አንድ መስመር አልተጻፈም። አቶ ወልደ ጻድቅም በዚያው ሳምንት የምስክር ወረቀት እንደ ተሰጣቸው ሰምቼ ከልብ ደስ ብሎኛል፤ እጃቸው ጠንካራ ነው፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

እስካሁን በጨዋ ደንብ ለመጻፍ ሞክሬአለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አልችልበትም።

ሥርጉት ጓዟን ጠቅልላ ዱርቤቴ ገብታለች። መሪጌታ ትናንት ደወሉልኝ። «ልጄ መጥታለች፤ አትበላም፣ አትናገርም። ምን አደረጋችኋት?» አሉኝ። የስድስት ዓመት ልፋቷ፣ በእልልታ ከገባው ሽቦ ጋር፣ በአንድ ፊርማ ተበጠሰ ብዬ ለአንድ አባት እንዴት እነግራለሁ? ሐፍሳም መረቧን ይዛ ትቀመጣለች እንጂ ጣቷ አልሠራ ብሏል፤ «በውጭ ብንተወው ይሻል ነበር» ትላለች ደጋግማ።

ክቡር ሆይ፣ ወደ አህጉሩ ውድድር የሚሄዱት ስም ዝርዝር የሚላከው ዓርብ ነው። የሁለተኛዋን ቦታ ነጥቀው ይስጡን አላልሁም፤ ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ በላቧ ያገኘችው ነው። የምለምንዎ አንድ ጠዋት ብቻ ነው። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ርቀት፣ ያለ ጭብጨባ፣ ሥርጉት ብቻዋን ከሰዓት ጋር ትጋልብ፤ የእሑዱን ስድስት ሰከንድ ካላስመለሰች ዝም እንላለን፤ ካስመለሰች ሦስተኛ ስም በዝርዝሩ ላይ ይጨመር። ሽቦውን ከፈለጉ በውጭ፣ ከፈለጉ በውስጥ፣ ከፈለጉም ያለ ሽቦ በአሮጌ ብስክሌት ያድርጉት። እኔን ዕድሜ ልኬን ያግዱኝ፤ የምሠራባትን ክፍል ይዝጓት፤ መፍቻዎቼን ሰብስቤ ቢሮዎ ድረስ አመጣለሁ። ጥፋቱን በሙሉ በስሜ ይጻፉት፤ እፈርማለሁ፤ በዓይኔ ሳላይም ቢሆን እፈርማለሁ።

እያንዳንዱን ቃል በጥሞና እንደሚያነቡት በመተማመን፣ ባያነቡትም ከሦስቱ ማመልከቻዎቼ አጠገብ ጥሩ ማረፊያ እንደሚሰጡት በማመን፣ ከታላቅ አክብሮት፣ ከረጅም ትዕግሥትና ካለቀ ተስፋ ጋር እጅ እነሣለሁ።

ነስረዲን ኢድሪስ
የታገደ መካኒክ፣ ባሕር ዳር፣ ከዓሣ ማራገፊያው ጀርባ

ከፊርማዬ በኋላ የደረሰ፦ ይህንን ጽፌ እንደ ጨረስሁ የቢሮዎ ሾፌር ለኮሚቴው የተገዙ ሁለት አዳዲስ የክሮኖ ብስክሌቶች ይዘው መጡ። ሽቦዎቻቸው ተንጠልጥለዋል። «አለቃ ‹ሽቦ የሚያስገባ ሰው ከተማው ውስጥ ፈልግ› ብለውኝ ሁሉም ወደ አንተ ጠቆሙኝ» አሉኝ። እገዳዬን እንዳልጥስ ሥራውን ለሐፍሳ ሰጠሁ፤ እሷን ገና አላገዷትም። ስታያቸው ጣቶቿ ተፈቱ፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጨረሰቻቸው። አንደኛው ለሥርጉት ቁመት ልክ ሆኖ አገኘነው። መሪጌታም ልጃቸውን እሺ አሰኝተው ሐሙስ ይዘዋት ይገባሉ። ዓርብ ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ብስክሌትዎን ይዘን መነሻው መስመር ላይ እንገኛለን። ለመውሰድ ሲመጡ እባክዎ ሰዓት ይያዙ።