የፊውዙ ቤት ባዶ ነበር

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ለመጀመር አፍ የለኝም። እንዴት እንደሰነበቱ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያሰነበትኩዎት እኔ ነኝ።

ያቺን ልጅ ያቃጠላት የእርስዎ ግድየለሽነት አይደለም፤ የእኔ ሥራ ነው። ይህን ገና ከመነሻው የጻፍኩት መሃል መንገድ ላይ ሐሞቴ እንዳይፈስ ብዬ ነው። አሁን ከተጻፈ በኋላ መመለስ የለም። ቀሪውን በተራው ልንገርዎ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ውሃ አፍልተን ሙቀቱን እንድንለካ ያዘዙንን ቀን ያስታውሱት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ደብተሬ ላይ "መቶ ዲግሪ" ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ መጥተው ቆሙና፣

"ቴርሞሜትሩ ስንት አለ?" አሉኝ።

"ዘጠና ሦስት።"

"ታዲያ መቶን ከየት አመጣሽው?"

"ከመጽሐፉ።"

"መጽሐፉ እዚህ ክፍል አልነበረም። አንቺ ነበርሽ። ያየሽውን ጻፊ።"

ከዚያ ከፍ ባለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቶሎ እንደሚፈላ አስረዱን። ክፍሉ ሳቀብኝ፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ነው ሳይንስ መምህር ለመሆን የቆረጥኩት። ሆኜም እርስዎ ያሉበት ትምህርት ቤት ስመደብ፣ "ችኩሏ መጣች! ከእንግዲህ ሁለት ነን" ብለው በመምህራን ክፍሉ ፊት አቀፉኝ። ልጆቹ ከጀርባዎ "ጋሼ ይለካ" ይሉዎት ነበር። ያውቁ ነበር፤ ይወዱትም ነበር። ሁለት መምህራን የማን ሻይ ጎደለ ብለው ሲጨቃጨቁ ማስመሪያ ይዘው ብቅ ብለው "ይለካ!" ያሉበትን ቀን አሁንም የሚያወሩት አሉ።

ወደዚያ ማክሰኞ ልምጣ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የእኔ፣ አራተኛው የእርስዎ ነበር። ትምህርቱ ያው የኤሌክትሪክ መስመር። መብራት እየጠፋ ስላስቸገረን ቤተ ሙከራው ውስጥ የምንሠራው በዚያ አሮጌ የመኪና ባትሪ ነበር፤ እርስዎ በእጅዎ በሠሩት ጣውላ ላይ አምፖሎቹ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና ያቺ ጥፍር የምታክል የመስታወት ፊውዝ ተደርድረው። የዚያን ቀን የትምህርት ክፍል ኃላፊው ሊገመግመኝ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቸኮልኩ። ሁለቱን ሽቦዎች አምፖሉን ሳላስገባ አገናኘኋቸው፤ ፊውዟ ጠቅ ብላ ተቃጠለች።

ቅያሪው የእርስዎ ቁምሳጥን ውስጥ ነበር፤ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ፤ እርስዎ መምህራን ክፍል። ሄጄ ለመመለስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን ኃላፊው እስክሪብቶውን አንስቷል፤ አርባ ስምንት ልጅ ያየኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ጠዋት ከአንዷ ተማሪ የቀማሁት ቸኮሌት ነበር። ጀርባዬን ለኃላፊው ሰጥቼ ብርማ መጠቅለያውን ላጥኩ፣ ደጋግሜ አጥፌ ጠቀለልኩት፣ በፊውዟ ቦታ ሰካሁት። አምፖሉ በራ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ኃላፊው ሽቦ ላልቶብኝ ያጠበቅኩ መስሎት ወረቀቱ ላይ "ችግር የመፍታት ችሎታ፦ በጣም ጥሩ" ብሎ ጻፈልኝ። ጋሼ፣ ያ ወረቀት አሁንም ማኅደሬ ውስጥ አለ።

ደወል ሲደወል ኃላፊው ውጤቴን ሊያሳየኝ ይዞኝ ወጣ። በር ላይ ከእርስዎ ጋር ተላለፍን። ጠመኔ በእጅዎ እንደያዙ፣

"እንዴት ነበር?" አሉኝ።

"ጥሩ ነበር ጋሼ።"

ፊውዟ ተቃጥላለች ማለት ስንት ቃል ነው? ሁለት። ኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ኃላፊው አጠገቤ ነበር፤ አፈርኩ።

ጩኸቱን የሰማሁት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ስደርስ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ልጅቷ እኔ የሠራሁትን ስህተት ነበር የሠራችው፤ ሁለቱን ሽቦ አገናኝታ። ፊውዝ ቢኖር ጠቅ ብሎ ያበቃ ነበር። የእኔ ጥቅልል ግን አልቀለጠም፤ የቀለጠው የሽቦው ልባስ ነው፤ መዳፏ ላይ። እርስዎ ሽቦውን በባዶ እጅዎ መንጭቀው እጇን ባልዲ ውስጥ ነክረው ነበር። ከዚያ አቅፈዋት ሲሮጡ ልጆቹ ሁሉ ግር ብለው ተከተሉዎት።

ብቻዬን ቀረሁ። ጣውላው ፊቴ ነው።

ጥቅልሉን አወጣሁት። ትኩስ ነበር፤ ጣቴን ፈጀኝ። በመሐረቤ ጠቅልዬ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የፈሰሰውን የለቀምኩት ለመመለስ ሳይሆን ለመደበቅ ነው።

የአጣሪ ኮሚቴውን ቀን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። አምስት ሰዎች፣ አንድም ሳይንስ ያስተማረ የለም። "የፊውዙ ቤት ባዶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ያለ ፊውዝ አሠርተዋል" አሉዎት። እርስዎም በዚያ በማይቸኩል ድምፅዎ፣

"ቤቱ ባዶ ከሆነ መስመሩ ክፍት ነው። ክፍት መስመር ላይ ኤሌክትሪክ አያልፍም። ታዲያ ሽቦው በምን ጋለ?" አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ሰነዱን ዘጋ። "ልጅ ተቃጥላ አሁን ትምህርት ሊሰጡን ነው?"

ከክፍሉ ውስጥ ጥያቄው የገባን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። ወዲያው የኮሚቴው ሰዎች ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ስትገቢ ፊውዝ ነበረው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ነበረው" አልኩ።

እውነት ነው፤ ስገባ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ያችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኳት! አልዋሸሁም እኮ እላለሁ ለራሴ። ያን ጊዜ እርስዎ አዩኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሒሳብ ሠርቶ የማይፈልገው መልስ የመጣበት ሰው እንደሚያይ ነበር ያዩኝ። "ሌላ የምለው የለኝም" ብለው ተቀመጡ።

ጡረታዎ ሊደርስ ዓመት ከጥቂት ወራት ሲቀረው አሰናበቱዎት።

ቤትዎ እየመጣሁ እጠይቅ ነበር። እትዬ ወንበር እየሳቡልኝ፣ "ከዚያ ሁሉ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ ያልረሳሽን፤ ብድርሽን ይክፈለው" ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እርስዎ ግን እኔ ስመጣ በጓሮ በር ይወጡ ነበር። "ጥርሱን አሞት ነው" ይሉኛል እትዬ። አራተኛው ጊዜ ላይ የጥርስ ሕመም እንዳልሆነ ገባኝና መምጣቴን ተውኩ። ቆይቼ ልጅዎ ዘንድ ሌላ ከተማ መግባታችሁን ሰማሁ። እፎይ አልኩ። ይህንንም ልጻፈው፤ እፎይ ነው ያልኩት።

ሦስት ዓመት የኖርኩት በአንድ የእርስዎ ደንብ ተደግፌ ነው። "የሚጠቀም ይፈትሽ" ብለው በር ላይ ለጥፈው ነበር። እሳቸውም መፈተሽ ነበረባቸው እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። ጠዋት ፈትሸው እንደነበርና በመካከል የገባሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ እያወቅኩ።

ዘንድሮ በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ወረቀቱን ሳድል የመጨረሻውን ጥያቄ አየሁት፦

"አንድ ሽቦ ግሎ ልባሱ ቀልጦ ተገኘ። የፊውዙ ቤት ግን ባዶ ነው። መላ ምትህን ጻፍ። እንዴትስ ታረጋግጠዋለህ?"

ኃላፊውን "ይህን ማን አወጣው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ከድሮው ፋይል ነው ያስተየብኩት። ቆንጆ ጥያቄ ናት፣ አይደል?" አለኝ። ምንም አልገባውም። ፋይሉን ገለጥኩት። የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ከሥር ያለው ቀን ከትምህርት ቤቱ የወጡበት ዋዜማ። ማንም ያልሰማዎትን ነገር ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ትተውት ሄደዋል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን ምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ማረም ጀመርኩ። አብዛኞቹ "ባዶ ከሆነ ኤሌክትሪክ አያልፍም፣ ስለዚህ ጥያቄው ስህተት ነው" ብለዋል። አንዱ "ተአምር ነው" ብሎ ጽፎ አሳቀኝ። ከዚያ የአንዲት ዝምተኛ ተማሪዬ ወረቀት መጣ። እንዲህ ይላል፦

"መላ ምት፦ ሽቦው ሲግል ቤቱ ባዶ አልነበረም። በኋላ አንድ ሰው የሆነ ነገር አውጥቷል። ማረጋገጫ፦ ከአደጋው በኋላ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን የቀረው ማን እንደሆነ መጠየቅ።"

ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዝኩ ቀረሁ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ኮሚቴው በሦስት ሳምንት ያላገኘውን በሦስት ዓረፍተ ነገር አገኘችው። ሙሉ ነጥብ መስጠት እንኳ አቃተኝ። ባለቤቴ መጥቶ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲለኝ ነገርኩት። ሦስት ዓመት አብሮኝ ሲተኛ ያልነገርኩትን። ወረቀቱን አንስቶ አነበበና፣ "ነገ ብቻሽን ትሄጃለሽ ወይስ ልከተልሽ?" አለኝ። ብቻዬን ሄድኩ።

ርዕሰ መምህሩ ሰምቶኝ ሲያበቃ በሩን ዘጋ።

"የተዳፈነ እሳት መጫር ምን ያደርጋል? ሰውዬው እንደሆኑ ሄደዋል። ልጅቷም ድናለች።"

"ሁለት ጣቷ አይታጠፍም።"

"አንቺስ? ልጆች አሉሽ እኮ!"

"አሉኝ። ትልቋ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች።"

ትክ ብሎ አየኝ። "እሺ፣ አልሰማሁም ልበል?"

"በጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ" ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንዱን ግልባጭ ለበላይ ቢሮ አስቀድሜ አስገብቼ ነበር፤ ራሴን ስለማላምን።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ቤት ሄድኩ። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ቆሜ ስነግረው እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ደረቀ። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ያለው ሌላ ነው፦

"ሰውዬው እኮ መጥተው ነበር። እዚህ በር ላይ ቆመው 'ልጅዎ በእጄ ሳለች ተጎዳች፣ ይቅር በሉኝ' አሉኝ። እኔ አባረርኳቸው። ያላጠፉትን ይቅርታ ሲለምኑ፣ በመቀስ አስፈራርቼ አባረርኳቸው!"

ይህን አላውቅም ነበር ጋሼ። ለማንም አልተናገሩትም።

ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። አድጋለች፤ አሥረኛ ክፍል ናት። ቀኝ እጇን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ትደብቃለች። ሁሉንም ሰምታ ነበር።

"ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ ፊቴን አዞርኩባቸው" አለች። "ሦስት ዓመት እሳቸውን ስጠላ ኖርኩ። አሁን ማንን ልጥላ?"

"እኔን" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። "እርስዎን አላውቅዎትም። እሳቸውን ግን እወዳቸው ነበር።"

ከዚህ የከፋ ቅጣት የትኛውም ኮሚቴ ሊፈርድብኝ አይችልም።

እርግጥ ጉዳዩን እንደገና ያየው ኮሚቴ ፈርዷል። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከዚህ ጋር ያገኙታል፤ ጥፋተኛ የሚለው ተሰርዞ አገልግሎትዎ ተመልሷል፣ ጡረታዎም ተከብሯል። እኔ ከክፍል ታግጃለሁ። ማስረጃ በማጥፋቴ ጉዳዬ ወደ ዓቃቤ ሕግ ተልኳል። አልፈራሁም አልልም፤ እፈራለሁ፣ በተለይ ልጆቼን ሳይ። እስከዚያ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የተሰበሩ ወንበሮች እመዘግባለሁ።

ይቅር በሉኝ አልልዎትም። ያንን ከእርስዎ የመጠየቅ መብት አለኝ ብዬ አላስብም። ደብዳቤዬን አንብበው ቀድደው ቢጥሉት አይከፋኝም፤ መልስም አልጠብቅም።

ፖስታው ውስጥ ግን በአራት የታጠፈ የደብተር ወረቀት አለ። የልጅቷ ነው። አድራሻዎን ጠየቀችኝ፤ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ተደግፋ በግራ እጇ ስትጽፍ ብዙ ቆየች፤ አባቷም ሥራውን አቁሞ ጠበቃት። አላነበብኩትም። እሷ እንዳጠፈችው ነው።

ለእሷ ይመልሱላት፣ ጋሼ።

ተማሪዎ የነበርኩት